የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ «የማን ቃል ነው?» ስንል የከረምንበት ዓመት

ባለፈው ዓመት የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በሚኒ ሚዲያው ማይክራፎን ከባርነት ወጥታ ለጥቁሮችና ለሴቶች መብት የታገለችውን አሜሪካዊት የሶጆርነር ትሩዝን ንግግር በአማርኛ አነበበች። «እኔስ ሴት አይደለሁምን?» የሚለው ላይ ስትደርስ ሰልፉ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ንግግሩን የሰጠኋት እኔው ነበርኩ፤ ስለ አሜሪካ ባርነት ሳስተምር ለዓመታት በየክፍሉ ሳነበው ኖሬያለሁ።

መስከረም ላይ ያቺው ልጅ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል አልፋ ለክበባችን ስትመዘገብ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። «መምህር፣ ትሩዝ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር ብለውናል። ታዲያ ይህን የጻፈው ማን ነው?» መልስ አልነበረኝም።

የክበቡ ዕቅድ በዚያን ጊዜ ተጽፎ ለምክትል ርእሰ መምህሩ ገብቶ ነበር። ስለ ዕቅዱ ባጭሩ፦ የሙዚየም ጉብኝቱ አንድ ጊዜ ተካሂዷል፤ በጥያቄና መልስ ውድድሩ በሥነ ጽሑፍ ክበብ ተሸንፈናል። የቀረውን ዓመት የበላው የልጅቷ ጥያቄ ነው። ከተመዘገቡት 34 ተማሪዎች ጥቅምት ሳያልቅ አሥራ ሁለቱ ወደ እግር ኳሱ ሄደዋል፤ አልፈርድባቸውም። የቀሩት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍል ይሰበሰቡ ነበር፤ መብራትና ኢንተርኔት በአንድነት በተገኙበት ረቡዕ ማለቴ ነው። የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊም በሳምንት ሁለት ገጽ እንድናትም ፈቀዱልን። ከሁለት አንድ ገጽ አላሳለፉንም።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ንግግሩ የተደረገው በሜይ 1851፣ በኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ በተካሄደ የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ነው። በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው ቃል ግን ለኅትመት የበቃው በ1863 ሲሆን፣ የጻፈችውም ጉባኤውን የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ! እንግዲያው በዚያው በ1851 የተጻፈ ነገር ይኖር ይሆን? የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ጋዜጦችን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በነፃ ያቀርባል። ከእነዚያ መካከል በኦሃዮ ይታተም የነበረ «አንቲ ስሌቨሪ ቢውግል» የሚባል ጋዜጣ አለ፤ «የፀረ ባርነት መለከት» እንበለው። በጁን 21 ቀን 1851 እትሙ ላይ የጉባኤው ጸሐፊ የነበረው ማሪየስ ሮቢንሰን የትሩዝን ንግግር አስፍሮታል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን አነበብን። በሮቢንሰን ዘገባ ውስጥ ማረሷ፣ ማጨዷና እንጨት መፍለጧ አለ፤ ከማንም ወንድ እኩል መሥራት እንደምትችል መናገሯም አለ። «እኔስ ሴት አይደለሁምን?» የሚለው ግን የለም። ጌጅ ትሩዝ የተናገረች አስመስላ የጻፈችው በደቡብ የአሜሪካ ግዛቶች ባሮች አነጋገር ነው፤ ትሩዝ ግን የኒው ዮርክ ተወላጅ ስትሆን አፏን የፈታችውም በደች (በሆላንዶች) ቋንቋ ነበር። በጌጅ ጽሑፍ የአሥራ ሦስት ልጆች እናት ትባላለች፤ የወለደችው አምስት ነው።

ክፍሉ ተረበሸ። «ያነበብሽልን ውሸት ነው» ብለው ልጅቷን የቀለዱባት ነበሩ፤ አኩርፋ አንድ ረቡዕ ቀረች። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ብዙዎቹ ጌጅን ከነጭራሹ እንጣላት አሉ። ከኋላ ወንበር የማይነሳ አንድ ልጅ ግን፣ «ጌጅም እኮ እዚያው ነበረች። ሮቢንሰንም ቢሆን ትሩዝን አይደለም፤ የሰማውን ነው የጻፈው» አለ። ቀጥሎም የጌጅ ወረቀት ስለ 1851 ቢያጠራጥርም ስለ 1863 ቀዳማዊ ምንጭ (በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ) ነው፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል አንባቢ ምን እንዲሰማ እንደተፈለገ ያሳያል ሲል ተከራከረ። ለዚህ ልጅ በታሪክ ትምህርት ከስድሳ በላይ ሰጥቼው አላውቅም ነበር።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ሌሎች ሴቶችን መፈለግ ያዝን፤ ያላሰብነው እንቅፋትም ገጠመን። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። በአሜሪካ ጋዜጦች ግን ያገባች ሴት በባሏ ስም ውስጥ ትጠፋለች። ለመምረጥ መብት ትግል ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰችውን አልቫ ቤልሞንትን በራሷ ስም ፈልገን ጥቂት አገኘን። «ሚስስ ኦ. ኤች. ፒ. ቤልሞንት» ብለን ስንጽፍ ጋዜጣው ሁሉ እሷው ሆነች፤ ሦስቱም ፊደላት የባሏ ናቸው። ሴቶቹ ተማሪዎች በዚህ ከልባቸው ተናደዱ። ስለዚህ የሴቶች መብት ታጋይዋን ሉሲ ስቶንን ሲያገኙ የገዛ ዘመዳቸውን ያገኙ መሰላቸው። ስቶን በ1855 ስታገባ ስሟን አልለወጠችም፤ በ1879 ማሳቹሴትስ ለሴቶች በትምህርት ቤት ኮሚቴ ምርጫ ድምፅ ስትፈቅድም፣ የባሏን ስም ካልያዘች ተብላ ከመዝገብ ተሰረዘች።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የባሰ ነው። ከ1850 በፊት በስም የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነበር፤ ሚስትና ሴት ልጆች በዕድሜ ዓምድ ሥር ቁጥር ናቸው። በ1850 እና በ1860 በባርነት የተያዙት በባለቤቱ ስም ሥር በዕድሜና በጾታ ይቆጠራሉ፤ የራሳቸው ስም ከስንት አንድ ቢጻፍ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ የማርታ ባላርድን የዕለት ማስታወሻ ሞከርን። ባላርድ በሜይን ግዛት አዋላጅ ነበረች፤ ከ1785 እስከ 1812 በየቀኑ ስትጽፍ 816 ልጆች ማዋለዷን መዝግባለች። የአየሩ ሁኔታ፣ የማን ምጥ፣ ስንት ክር እንደተፈተለ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ሁሉም አለ። ቀደምት የታሪክ ጸሐፊዎች ተራ ነገር ነው ብለው ንቀውት ኖረው፣ በኋላ የታሪክ ምሁሯ ሎሬል ታቸር አልሪክ ከእርሱ ተነስታ በጻፈችው መጽሐፍ በ1991 ፑሊትዘር የተባለውን ታዋቂ የአሜሪካ ሽልማት አግኝታለች። ልጆቼ ግን ተያያዥ የእጅ ጽሑፉን ማንበብ አቃታቸው፤ ለሁለት መስመር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አጠፋን። እኔም ብሆን አላነበብኩትም፤ ያነበብኩ መስዬ ነበር፣ ነቁብኝ።

ዘንድሮም የካቲት 29 ያቺው ልጅ ማይክራፎን ፊት ቆመች። የሮቢንሰንንም የጌጅንም ተርጉማ ሁለቱን አነበበች፤ የቱ መቼ እንደተጻፈም ተናገረች። ጭብጨባው ካምናው አነሰ። እሷ ግን አልከፋትም፤ የከፋኝ እኔን ነው።

ግንቦት ላይ ሮጣ መጥታ ከመምህራን ማረፊያ ጠራችኝ። ትሩዝ ይህን ስም ከማውጣቷ በፊት፣ ኢዛቤላ በምትባልበት ዘመን፣ ልጇ ፒተር ከኒው ዮርክ ውጭ ወደ አላባማ ተሽጦ ነበር፤ ሕጉ ይህን ይከለክል ስለነበር ከሳ በ1828 ልጇን አስመልሳለች። ጠፍተዋል ተብለው የነበሩት የፍርድ ቤቱ ወረቀቶች በ2022 በኒው ዮርክ ግዛት ቤተ መዛግብት ተገኝተዋል፤ ስምንት ገጽ ናቸው። እዚያ ስሟ ኢዛቤላ ቫን ዋገነን ስለሆነ «ሶጆርነር ትሩዝ» ብሎ የፈለገ ሁሉ አያገኛትም። በቃለ መሐላዋ ላይ በፊርማ ፈንታ የራሷን ምልክት አድርጋበታለች። ልጅቷ ያሳየችኝ ይህንኑ ነበር። «አያቴም ቀበሌ ስትሄድ በጣቷ ነው የምትፈርመው» አለችኝ።

ምልክቱ ያለበትን ገጽ አስቀድመን አተምነው። ለቀሩት በሳምንት ሁለት ገጽ በቂ ስላልሆነ ኃላፊዋን ለመንናቸው፤ ፈቃዳቸው ግን እንደጸና ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች የታተሙት በፈተና ሳምንት ሲሆን ስምንቱም አሁን በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ይገኛሉ።