"ፎርማት ነው" ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን የገጠመኝን ልጻፍላችሁ፤ እንደኔ የተንገበገበ ብዙ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

የፈተና ሰሞን ነው። የመምህራኑን ፈተና ተይቤ ጨርሼ ማባዛት ብቻ ቀርቶኛል። ጠዋት ኮምፒውተሩን ሳበራው የዊንዶውስ ምልክት መጣ፣ ነጥቦቹ ትንሽ ዞሩ፣ ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ያች የተከፋች ፊት ብቅ አለች። ራሱን ያጠፋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ያው። ተሸክሜ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ አንዴ አብርቶ አየና "ፎርማት ነው፣ ነገ ይምጡ" አለኝ፤ ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው። የስንት ዓመት ማመልከቻ፣ የሰው ጉርድ ፎቶ፣ ያ ሁሉ ፈተና ሊጠፋ! ጥርሱን ያመመውን ሰው አንገቱን መቁረጥ ማለት ይኼ ነው። (ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ የለህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የለኝም፣ እሱ የራሴ ጥፋት ነው።)

ይዤው ተመለስኩ። ማታ የእህቴ ልጅ መጣና መጀመሪያ የጠየቀኝ "ጋሼ፣ ትናንት ምን ጫኑበት?" ብሎ ነው። አሰብኩ። ለካ ከሰው ፍላሽ ላይ "ድራይቨር ሁሉ ያድሳል" የተባለ ፕሮግራም ጭኜ ነበር። ድራይቨር ማለት በዊንዶውሱና በዕቃው መካከል ያለ አስተርጓሚ ነው፤ የስክሪኑ አስተርጓሚ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እንኳ ማሽኑ ሲነሳ ሊወድቅ ይችላል።

ልጁ ምልክቱ ሲመጣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ እየያዘ ሁለት ሦስት ጊዜ አጠፋው። በቀጣዩ የመጠገኛው ገጽ ራሱ መጣ። ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዝርዝሩ ቁጥር 4። ሴፍ ሞድ ገባ! ጽሑፉ ሁሉ ገዝፎ አስቀያሚ ሆኖ ነው የተከፈተው፣ ምክንያቱም ሴፍ ሞድ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ነው የሚያስነሳው። ፋይሎቼ ግን እንዳሉ ናቸው። ቀድመን ፈተናውን በፍላሽ ገለበጥን። ቀጥሎ የማሽኑ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ የስክሪኑን ካርድ አገኘና "ሮል ባክ ድራይቨር" የሚለውን ተጫነ፤ የድሮው ተመለሰ። ቁልፉ ደብዝዞ እምቢ ካለ ድራይቨሩን አንኢንስቶል ማድረግ ነው አለኝ። ላፕቶፕ ያላችሁ ግን ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ መቆለፊያ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ስለሚችል፣ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኝበትን የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን አትርሱ።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል ማሽን በዚሁ ሰማያዊ ስክሪን ጥሎ አውሮፕላን ሳይቀር አስቆሞ ነበር። ያኔ ለባለሙያዎች የተነገራቸው ሴፍ ሞድ ገብታችሁ ያንን ፋይል አጥፉ ነው እንጂ ፎርማት አድርጉ አይደለም።

ጠጋኞቻችን፣ ሥራችሁን አልናቅሁም። ሃርድ ዲስኩ ራሱ ሲሞት ሌላ ነገር ነው። ግን መጀመሪያ "ምን ጫንክ?" በሉን፣ ሴፍ ሞድ ሞክሩ፣ ፋይሉን አውጡልን። ዋጋውን የፎርማቱን ያህል ጠይቁኝ፣ ሳልከራከር እከፍላለሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ከደብረ ማርቆስ