ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ይህን ያህል መጥፋቴ አሳፍሮኛል፤ ይቅር በለኝ፣ ወቀሳውን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። አሁን ያስቸኮለኝ ከዘመዶችህ ጋር አዋጥታችሁ ለጫቱ ሁለተኛ የውሃ መሳቢያ ሞተር ልትገዙ ነው መባሉ ነው። ስብሰባ ላይም «የሐረማያን ሐይቅ ያደረቀው ሰማይ፣ የመለሰውም ሰማይ» ብለህ ሽማግሌዎቹን ዝም አሰኘሃቸው አሉ። አቦ፣ በክርክር ማን ይችልሃል! በዚህ ነገር ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሰማይ ብቻ ቢሆን የ1977ቱ ድርቅ በጨረሰው ነበር። ሐይቁ ያን ክፉ ዘመን አልፎ የደረቀው በ1997 ዓ.ም. ግድም ነው። በመካከሉ የተለወጠውን ታውቃለህ፦ ለጫት፣ ለድንችና ለሽንኩርት ሞተሩ በዛ፤ ሐረርም ከዚያው ትጠጣ ነበር፤ ከተራቆተው ተዳፋት ደለሉ ወረደ። መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነውና ሒሳቡ አያስቸግርም። ገቢው ዝናብና ጎርፍ፣ ወጪው ፀሐይ፣ ስርገት (ወደ መሬት የሚሰርገው) እና እኛ ነን።

እስቲ ወረቀት አውጣ። ፀሐይ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ትወስዳለች እንበል፤ ይህ በአንድ ሄክታር ውሃ ላይ 40 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ ሞተር 8 ሰዓት ከሠራ 288 ሜትር ኩብ ያወጣል። አንድ ሞተር ፀሐይ ከሰባት ሄክታር የምትወስደውን ያህል ጠጣ ማለት ነው። ዙሪያውን ያሉትን አንተው ቁጠራቸው።

ደለሉ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይጎዳል። 100 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ 4 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው በ2.5 ሄክታር ላይ ያርፋል። ደለል ወለሉን ሞልቶ ጥልቀቱ 2 ሜትር ከሆነ ያው ውሃ 5 ሄክታር ላይ ይዘረጋል፣ ፀሐይም እጥፍ ትወስድበታለች። በደለል የተሞላ ሐይቅ መጨረሻ ላይ በአንዴ እልም የሚለው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ጨምሯል ያልከው እውነት ነው፣ አልክድህም። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ውሃ ይስባል። ግን እሱም ቢሆን ከሰው እጅ አያስመልጥህም፤ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በሚሊዮን የአየር ክፍል 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 ያለፈው ባቃጠልነው ነዳጅ፣ በመነጠርነውም ደን ነው።

እንዴት ልበልህ… ጫቱ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ መሆኑን አውቃለሁ። ማሳህን አድርቅ ልልህ አልጻፍኩም። ገንዘቡን ሞተር ላይ ከማፍሰስህ በፊት ግን ቦዩን ለካው። 200 ሊትር በርሜል ቱቦው አፍ ላይ አስቀምጥና በስልክህ ሰዓት ያዝ፤ በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 10 ሊትር አለህ ማለት ነው። ቀጥሎ ቦዩ ማሳህ ጋ ሲደርስ በርሜሉን እስከ አፉ ቅበርና ውሃው እንዲወርድበት አድርግ። ግራና ቀኙን በጭቃ ድፈን፣ አለዚያ ውሃው በጎን ያመልጥና ልኬቱ ይሳሳታል። እዚያ 40 ሰከንድ ከፈጀ ግማሹን አፈሩ ጠጥቶታል። መፍትሔው ቦዩን ላስቲክ ማንጠፍ ወይም ውሃውን በጎማ ቱቦ መውሰድ ነው። በያው ነዳጅ ማሳው ጋ የሚደርሰው ውሃ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ሁለተኛው ሞተር ለምን ያስፈልጋል?

ግማሽ ሄክታር ጫት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ 25 ሜትር ኩብ ነው። በስድስት ቀን አንዴ የምታጠጣ ከሆነ 150፣ ማለትም ውሃው ሳይባክን ከደረሰ ለዚያ ሞተር አራት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ። ከዚያ በላይ ያፈሰስከው ከሥሩ በታች ይሰርግና ማዳበሪያህን ይዞት ይሄዳል። ደግሞ በቀትር አታጠጣ፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን።

ለስብሰባው ደግሞ ሐይቁ ውስጥ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ እንጨት ትከሉና በየሳምንቱ አንብቡት። ዝናብ በሌለበት ሳምንት ፀሐይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ታወርደዋለች። ከዚያ በላይ ከወረደ ከስርገቱ ሌላ የሞተሮቹ ነው። ሐይቁ የተመለሰው ዝናቡ ጥሩ ሆኖ፣ የሐረርም ውሃ ከሌላ ቦታ መምጣት ጀምሮ፣ በተዳፋቱም ላይ እርከን ተሠርቶ ነው። ሁለቱን በሰው እጅ የተሠሩትን ሽማግሌዎቹ ፊት አብረህ ቁጠርልኝ።

የበርሜሉን ሰከንድ በሁለቱም ቦታ፣ የቦዩንም ርዝመት ላክልኝ፤ የቱቦውን ስፋት አስልቼ እመልስልሃለሁ። እስከዚያው ለሞተሩ ቀብድ አትክፈሉ። እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ