ከጋዙ ጎን እንፋሎቱም አለ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። መስከረም 2018 ኦጋዴን ያለው የካሉብ ጋዝ ፋብሪካ ከተመረቀ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም፣ የአክስት ልጅ የጎረቤት ልጅ ሁሉ «ፔትሮሊየም ማስተርስ ልማር ወይ?» ነው። ተማሩ፣ ግን አንድ ነገር ስሙኝ።

እኔ በዚሁ ዘርፍ ነው ማስተርሴን የሠራሁት፣ የት እንደሆነ ይቅር። ሁለት ዓመት ስለ ቁፋሮ ስማር ሪግ (የመቆፈሪያ ማሽኑን) ያየሁት በፕሮጀክተር ብቻ ነው! ቴሲሴ የተሠራው በሰሜን ባህር ዳታ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስላለ። የኦጋዴንን ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ ይዤ ዞሬ ዞሬ «ነገ ና» ሲሉኝ ተውኩት። ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው እኮ በ1970ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው) ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የተቆፈረው መረጃ ለተማሪ ቢደርስ ስንት ቴሲስ በወጣው።

ሌላው ደግሞ እንፋሎቱ፣ ማለትም ጂኦተርማል፣ ከምድር ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት መብራት ማመንጨት። አሉቶ ላንጋኖ በ1980ዎቹ 8 ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በ1998 የተተከለችው 7.3 ሜጋ ዋት ማመንጫ ስትሠራ ስትቆም ኖረች። ኬንያ ኦልካሪያን በ1981 በ15 ሜጋ ዋት ጀምራ ዛሬ በጂኦተርማል ከ800 በላይ ደርሳለች፣ ኋላም አሉቶ ላይ ሊቆፍሩልን የመጡት የነሱው የመብራት ኩባንያ ኬንጀን ሰዎች ናቸው። ያናድዳል፣ ግን ልጆቻቸውን እየላኩ አስተምረዋል፣ አይስላንድ ከ1979 ጀምሮ ያለው የ6 ወር የጂኦተርማል ስልጠና ላይ ኬንያዊ መች ጠፍቶ ያውቃል (የኛም ሰዎች ሄደዋል፣ ሲመለሱ የሚቆፍሩት ጉድጓድ ነው የጠፋው)።

የጋዙና የእንፋሎቱ ትምህርት ደግሞ ብዙም አይራራቅም። ጉድጓድ ዘግቶ ግፊቱ እንዴት እንደሚመለስ መለካት ለጋዝም ለእንፋሎትም ያው ነው። የሚለየው አሉቶ ላይ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ማለፉ፣ ለነዳጅ ጉድጓድ የለመድነው ሲሚንቶ እዛ አይችልም፣ አለቱም የእሳተ ገሞራ ስለሆነ ስንጥቁ ውስጥ የቁፋሮው ጭቃ ገብቶ ይጠፋል። ይሄ ሁለት ኮርስ ቢጨመር የሚሞላ ክፍተት ነው። አሜሪካ ያለው የቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ እንኳ ዲፓርትመንቱን «ፔትሮሊየም» ብቻ ሳይሆን «ፔትሮሊየምና ጂኦሲስተምስ» (ነዳጅና የምድር ሥርዓቶች) ነው የሚለው።

እና የሚመለከታችሁ፣ የድሮ የጉድጓድ መረጃውን ለዩኒቨርሲቲዎች ልቀቁ፣ ካሉብም አሉቶም ያላችሁ ደግሞ በዓመት ጥቂት የማስተርስ ተማሪ ለሦስት ወር ሳይት ላይ ተቀበሉ። ምግባቸውን ራሳቸው ይቻሉ፣ እኔ ብሆን ጨርቄን ማቄን ሳልል ነበር የምሄደው።

የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዳማ