መግለጫ ሲወጣ ሰነዱም አብሮ ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ የሚሰጡት መግለጫ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በዩቲዩብ መሰራጨቱ ደግ ነው። ድሮ ጋዜጠኛ መርጦ ያወጣውን ብቻ ይሰማ የነበረ ሰው ዛሬ ቃሉን ከምንጩ ያገኛል። ቅሬታችን መግለጫው ብዙ ጊዜ ያለ ሰነድ መውጣቱ ላይ ነው። የሌላው አገር ቃል አቀባይ የራሱን ይዞ ሲመጣ ሕዝቡ የሚያመሳክርበት ነገር በእጁ የለውም።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመውን የመግባቢያ ሰነድ እንውሰድ። የያኔው የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ በፊርማው ላይ ኢትዮጵያ ዕውቅና እንደምትሰጣቸው ተናገሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት በቀናት ውስጥ ያወጣው ጽሑፍ ግን የዕውቅናውን ጥያቄ በጥልቀት አጥንቶ አቋም ስለ መውሰድ ነው የሚያወራው። ዕውቅና መስጠትና አጥንቶ መወሰን በዲፕሎማሲ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት በሊዝ የሚለውም በየገጹ ተናፈሰ እንጂ አንቀጹን ያነበበ ዜጋ የለም፤ ሙሉ ጽሑፉ ለሕዝብ አልወጣምና። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. እዚሁ አንጎለላ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ጋር የተዋዋሉት ውል ዛሬም አንቀጽ በአንቀጽ ይነበባል። በ2016 የተፈረመው አይነበብም።

ሌላም መነሳት ያለበት ነገር አለ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ያ ሰነድ ሲፈረም በመንዝ፣ በመርሐ ቤቴና በይፋት ያለው አብዛኛው ሰው የሚኒስቴሩን ገጽ የሚከፍትበት መንገድ አልነበረውም። የሰማው በሬዲዮና ከአዲስ አበባ በሚደወል ስልክ ነው። ስለዚህ በገጽ የሚለጠፈው ጽሑፍ በዚያው ቀን፣ ሳያጥር፣ ለክልልና ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች መላክ አለበት።

ሰነድ ሲወጣ ምን ያህል ነገር እንደሚጠራ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ አንካራ ባወጡት የጋራ መግለጫ አይተናል። ጽሑፉ ስለታተመ ማንም አነበበው፦ ኢትዮጵያ የምታገኘው የባሕር መተላለፊያ በሶማሊያ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንደሚሆን፣ የቴክኒክ ድርድሩ እስከ ፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ እንደሚጀመር፣ በአራት ወር ውስጥም እንደሚያልቅ። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ግን የምትጎዳ ነገር አለች። ፌብሩዋሪን «የካቲት» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ቀኑን ያዛባል። የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ያበቃው የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የካቲት 30 ያለው አንባቢ ዘጠኝ ቀን ይሳሳታል። ቀን ሲጻፍ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ከሰነዱ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ደረጃውን መናገር ነው። የመግባቢያ ሰነድ፣ የጋራ መግለጫና ስምምነት አንድ አይደሉም፤ መፈረም፣ መጽደቅና ሥራ ላይ መዋልም እንዲሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55(12) ዓለም አቀፍ ስምምነትን የማጽደቅ ሥልጣን የሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በአንቀጽ 9(4) መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል የሚሆነውም ያጸደቅነው ነው። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን እንመልከት፦ ኢትዮጵያ ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ፈረመች፤ ምክር ቤቱ ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ.ም. አጸደቀው፤ ስድስተኛዋ አገር ደቡብ ሱዳን ካጸደቀች በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከፊርማ እስከ ተፈጻሚነት ከ14 ዓመት በላይ ማለት ነው። «ስምምነት ተደረሰ» ብቻ ብሎ የሚለጠፍ ዜና ይህን ሁሉ ይውጠዋል። አጣዬ ወይም ሸዋ ሮቢት ሆኖ ልጁን ወደ ዓረብ አገር ሊልክ የሚያስብ ወላጅ ስለ ሥራ ስምሪት ስምምነት ሲሰማ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ተፈረመ ወይስ መሥራት ጀመረ?

ቴክኒካዊ ጉዳይ ሲሆን ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ባለሙያው ሊያየው ይገባል። ሐምሌ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. የመንግሥት ቴሌቪዥን የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትሩን ጠቅሶ የሕዳሴው ግድብ ሙሌት ተጀመረ አለ። ግብፅ አስቸኳይ ማብራሪያ ጠየቀች፤ ሱዳንም በድንበሯ የመለኪያ ጣቢያ ፍሰቱ በቀን 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አስታወቀች። ሚኒስትሩ እንዳስረዱት በክረምቱ የሚገባው ውኃ ከሚወጣው ስለበለጠ ነበር የሚጠራቀመው። ቴሌቪዥኑም ዜናውን አርሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ያች አንድ ማብራሪያ ግን ቀድሞ ከዜናው ጋር ብትወጣ ኖሮ ያ ሁሉ ግርግር ባልተነሳ።

በአደባባይ የሚነገር ቃል አገርን ሊያስርም ይችላል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 በኒውክሌር ሙከራ ጉዳይ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንትና ሚኒስትሮች በይፋ የተናገሩት ፈረንሳይን በሕግ እንደሚያስር ወስኗል። ባለሥልጣናት በግል ገጻቸው የሚጽፉት የአገር አቋም ይሁን የግል አስተያየት ሳይለይ መቅረቱ የሚያሳስበን ለዚህ ነው። የአገር አቋም ከሆነ በሚኒስቴሩ ገጽ ይውጣ።

አለጣጠፉ ላይም የምንለው አለ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ ሲለጠፍ በፍለጋ አይገኝም፣ ለዓይነ ስውራን በሚያነብ ስልክ አይነበብም፣ ኔትወርክ በደከመበት ቦታም ፊደሉ ይደበዝዛል። ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ይውጣ፤ ፎቶው አብሮ ቢኖር አይጎዳም። ቪዲዮ ሲሆን ሙሉው ከነጋዜጠኞቹ ጥያቄ ይጫን። በአማርኛ ግሡም አሉታውም የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ላይ ነውና ጥቂት ሰኮንድ ቀድሞ የተቆረጠ ቪዲዮ የተባለውን ገልብጦ ሊያሰማ ይችላል። ስህተት ሲገኝ ልጥፉ አይሰረዝ፤ ቀድሞ ፎቶ ያነሳው ሰው «ደበቁት» ብሎ ያሰራጨዋል። እርማቱ ከነሰዓቱ ከላዩ ይጻፍ።

አንባቢም ዝም ብሎ መጠበቅ የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ለሚኒስቴሩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጽፎ ሰነድ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ሕጉ የውጭ ግንኙነትን የሚጎዳ መረጃ እንዲከለከል ይፈቅዳል፤ ሆኖም ክልከላው ምክንያቱ ተገልጾ ነው የሚሰጠው፤ ቅሬታ ያለውም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል።

ጋዜጣዎንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። የቃል አቀባዩን መግለጫ ስታትሙ ሰነዱ ለሕዝብ መውጣት አለመውጣቱን፣ በምክር ቤት መጽደቅ አለመጽደቁንና ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን በዜናው ግርጌ በአንድ መስመር ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር፤
የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ