ናፍጣ ናፍጣ ስለሚል አሳ የቀረበ ቅሬታ

ለጉዞ አዘጋጁ ድርጅት
ደሴ

ጉዳዩ፦ ሐይቅ ዳር ለቀረበው እራት የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወደ ሐይቅ ይዛችሁን ከሄዳችሁት ተጓዦች አንዱ ነኝ። መኪናው በሰዓቱ መጣ። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው። ድንኳኖቹም ንጹሕ ነበሩ። ቅር ያሰኘኝ እራቱ ነው።

ማስታወቂያችሁ «ትኩስ ቆሮሶ በፍም ተጠብሶ፣ ከክክ ወጥ ጋር» ይላል። ሙስሊምም ክርስቲያንም አብረን ስለሄድን የሥጋ ጣጣ የሌለበት አሳ መምረጣችሁን ወደነው ነበር። አሳውም ከአጥማጆቹ እጅ ሲገዛ በዓይናችን አይተናል። ፍሙን ግን አላየነውም።

የመጣው ማገዶ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። እሳት ሲነካው ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ይንጫጫል። ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን ምግብ አብሳዩ ከመኪናው ናፍጣ አምጥቶ አርከፈከፈበት። ቦግ! ወዲያው ፍርግርጉን ነበልባሉ ላይ ጣደና አሳውን ደረደረ። ኧረ ናፍጣ ምግብ ማብሰያ ላይ ምን ይሠራል?

የእኔን አሳ ስከፍተው ቆዳው ከሰል ሆኗል፤ እሾሁ ዙሪያ ያለው ሥጋ ግን ገና ቀላ ያለና ጥሬ ነው። የበሰለ አሳ ነጥቶ ከእሾሁ በቀላሉ ይላቀቃል። ይሄኛው ሙጭጭ ብሏል። ሽታው ደግሞ የነዳጅ ማደያ ነው። ሎሚም ሚጥሚጣም አላዳነው።

አሳ በነበልባል አይጠበስም። ደረቅ ግራር ወይም ወይራ ቀደም ብሎ ይነዳል፤ ነበልባሉ ሲወርድና ፍሙ ላይ ስስ አመድ ሲታይ ወደ አንድ ጎን ሰብሰብ ይደረጋል። ከዚያ ፍርግርጉ ይግላል፣ ዘይት ይነካል፣ አሳው ይጋደማል። ቶሎ ማረር የጀመረውን አሳ ፍሙ ወደ ሳሳበት ጎን ማዞር ነው። ይህን ለማወቅ ሆቴል ቤት መሥራት አያስፈልግም።

ክኩም አልበሰለም። ሐይቅ ዳር ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ይዘገያል። ስለዚህ ከቤት ዘፍዝፎ መምጣት ነበር። እናንተ ደረቁን ጣዳችሁት፤ እሳቱም ቦግ እልም ስለሚል ድስቱ አንዴ ይፈላል፣ አንዴ ይተኛል። በመጨረሻ ከሐይቅ ከተማ ዳቦ አስገዝተን በሻይ በላን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእራቱም የባሰው እሱ ነው። ምግብ አብሳዩ እሳቱ ላይ አፈር መለስ አድርጎ ሊተኛ ሄደ። እናቶቻችን ፍም የሚያሳድሩት እኮ እንዲሁ አዳፍነው ነው! ነፋስ ነበር፤ ደረቅ ሣርና ድንኳን አጠገቡ ነው። ከሐይቁ በጀሪካን ውሃ እየቀዳን ያጠፋነው እኛው ነን።

የእራቱ ሂሳብ ለሁላችንም እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው ጉዞ ከመነሳቱ በፊትም ደረቅ ማገዶ፣ አካፋና የእሳት ማጥፊያ ውሃ መጫኑን፣ ናፍጣውም ታንከሩ ውስጥ መቅረቱን አረጋግጡ። የከፈልንበትን ደረሰኝ አያይዣለሁ። መልሳችሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የጉዞው ተሳታፊ