ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፦ ካርዱ አያጋልጠን

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ከዚራ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። የሠርግ ጥሪና ደረሰኝ ሳትም ነው የምውለው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን እኔ ስላላተምኩት ካርድ ነው።

የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ እወጋለሁ። ባለቤቴ ያውቃል፤ አማቴ ግን አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ዝርዝር ሳንቲም ፈልገው ቦርሳዬን ሲከፍቱ የቀጠሮ ካርዴን አገኙት። ማንበብ አይችሉም። ሽፋኑ ላይ የተሳሉትን አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ግን አነበቧቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቡና አብረን አልጠጣንም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ መቶ ሴቶች 35ቱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 23ቱ የመረጡት መርፌ ነው። አይገርመኝም። ኪኒን ፍራሽ ሥር ይገኛል፣ መርፌ ግን ቤት ውስጥ ዱካ የለውም። መድኃኒቱ የሸሸገውን ካርዱ ሲያወጣው ነው የሚያናድደኝ።

ክንድ ላይ የሚቀበረውም ያው ነው። ኢምፕላኖን የክብሪት እንጨት ታክላለች፣ ሦስት ዓመት ታገለግላለች፣ ከቆዳ ሥር ከገባች አትታይም። ክንዱ ግን በነጭ ፋሻ ይጠቀለልና እስከ ማግስቱ አይፈታም። በድሬ ሙቀት ድሪያ ለብሳ የወጣች ሴት ያን ፋሻ የት ትደብቀው? ታይዋን ገበያ ሳትደርስ «አቦ፣ እሷም አስገብታለች!» ይባላል። ቆዳ የሚመስል ፋሻ ቢሆን ማን ልብ ይለዋል?

በሩ ላይ በትልቁ «ቤተሰብ ምጣኔ» የተጻፈበት፣ አግዳሚ ወንበሩ ወደ ግቢው መግቢያ የዞረ ጤና ጣቢያም አውቃለሁ። ወንበር ማዞር በጀት አይፈልግም።

«መደበቁ እኮ ነውሩን ያጸናዋል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ልክ ናቸው፣ ማስተማሩ ይቀጥል። እስከዚያው ግን ማን ይወቅ የሚለውን ሴትየዋ ራሷ ትወስን።

የምጠይቃችሁ የቀጠሮ ካርዱ ለስኳርም፣ ለደም ግፊትም፣ ለመርፌም አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው፤ ቀንና የክፍል ቁጥር ይበቃዋል። ሌላው መዝገቡ ላይ አለ። ሦስት ናሙና ሠርቻለሁ፣ በጠራችሁኝ ቀን ይዤ እመጣለሁ። ለመጀመሪያው ሺህ ካርድ የእጄን ዋጋ አልጠይቅም፤ ወረቀቱን ግን ቢሮው ይቻል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የከዚራ አታሚ