ያለጊዜው ስለሚመጣ ምጥ ለነፍሰ ጡር እህቶቻችን

ውድ የእናቶች ድጋፍ ቡድን አባላት፣

የምንወስደው የኤችአይቪ መድኃኒት ያለጊዜው ያስወልዳል የሚል ስጋት ያደረባችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ከ37 ሳምንት በፊት መውለድ ቫይረሱ በደማቸው ባለ እናቶች ላይ ይበዛል፤ አንዳንድ የመድኃኒት ጥምሮችም ከዚህ ጋር ተያይዘው ተጠንተዋል። ሆኖም ያልታከመ ቫይረስ ራሱ ያለጊዜው መውለድን ያባብሳል፣ ወደ ልጁም ሊተላለፍ ይችላል። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ያለበት ክኒን ደግሞ በነፍሰ ጡሮች ላይ ተጠንቶ ኤፋቪሬንዝ ከተባለው ከቀድሞው መድኃኒት የባሰ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ እባካችሁ፣ በማንም ምክር አታቋርጡ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን ክኒን በባዶ ሆድ አብሮ ከተወሰደ የዶሉቴግራቪርን ኃይል ይቀንሳል። ሁለቱንም ከምግብ ጋር ውሰዱ፤ ካልሆነ ዶሉቴግራቪሩን ከአይረኑ 2 ሰዓት አስቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት አቆይታችሁ ዋጡ።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወባና ቂጥኝ ምጥን ያፋጥናሉ፤ ስለዚህ ሽንት ሲያቃጥል ወይም ትኩሳት ሲኖራችሁ ዝም አትበሉ፣ የቂጥኝ ምርመራም አይለፋችሁ። ሆድ በየተወሰነ ጊዜ እየጠነከረ ሲለቅ፣ ውኃ ወይም ደም ሲፈስ፣ ወገብ ያለማቋረጥ ሲያም ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ይነጋል ብሎ መጠበቅ ያስቆጨናል።

ልጁ ቀድሞ ከመጣም ተስፋ አለው። እርቃኑን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ መታቀፉ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፣ ጡት እንዲይዝም ይረዳዋል። ልጁን ከቫይረሱ ለመከላከል የሚሰጠው የኔቪራፒን ሽሮፕ መጠን ግን በክብደቱ የሚወሰን ስለሆነ የሌላ ልጅ ልክ አትጠቀሙ፤ ባለሙያው በሲሪንጁ ላይ ምልክት እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ።

የቡድኑ አስተባባሪዎች